በሥጋችን ውስጥ የቆመው ዘበኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ስለ ጠባቂ መላእክት ብዙ ጊዜ ተምረናል፤ ዛሬ ግን ፈጣሪ በሥጋችን ውስጥ ስላቆመው ዘበኛ ጥቂት ለመነጋገር ወደድን። ለዚህም ያነሣሣን «እምነት ያለው ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል?» የሚል አነጋገር በመካከላችን እየተደጋገመ መሰማቱ ነው።

ሰውነታችን ቅጥር እንዳላት ከተማ ነው። ቆዳችን ቅጥሩ ነው፤ የአፍንጫችን ንፍጥ አቧራና ጀርም ይይዛል፤ የጨጓራችን አሲድ ከምግብ ጋር ሾልኮ የገባውን አብዛኛውን ይፈጃል። ቅጥሩ ሲጣስ፣ እሾህ እንኳ ሲወጋን፣ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ጀርሙን እየዋጡ ይገድላሉ፤ ራሳቸውም ይሞታሉ። መግል ብለን የምንጸየፈው በአብዛኛው የእነዚህ ወታደሮች ሬሳ ነው። ትኩሳትም ሆነ በብብትና በአንገት የሚያብጠው ንፍፊት ብዙ ጊዜ ውጊያ መኖሩን ያመለክታል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የዘበኛው ትዝታ ነው። ከነጭ የደም ሴሎች አንዳንዶቹ የጠላትን መልክ ለይተው፣ ለዚያ ጠላት ብቻ የሚገጥም አንቲቦዲ የሚባል መሣሪያ ይሠራሉ። ሥራው መጀመሪያ ላይ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያው እንታመማለን። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ጠላቱን የሚያስታውሱ ሴሎች ይቀራሉ። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የወጣበት ሰው ዘወትር ዳግመኛ የማይወጣበት ስለዚህ ነው። ክትባት ማለትም ሕመሙን ሳያመጡ የጠላትን መልክ ለዘበኛው አስቀድሞ ማሳየት ነው። የአያቶቻችንን ፊት ያበላሸው ፈንጣጣ በዚህ መንገድ ተሸነፈ፤ በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. ታየ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ታዲያ ዘበኛው ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ መድኃኒት ለምን አስፈለገ? ብቻውን የማይችላቸው ጠላቶች ስላሉ ነው። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ራሱን ዘበኛውን ነው፤ ሌሎቹን ለውጊያ የሚቀሰቅሱትን ሴሎች ያጠፋል። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ደግሞ ሊውጡት በመጡት ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ 6 ወር የሚወሰደው ስለዚህ ነው፤ ሳሉ በጥቂት ሳምንት ቢጠፋም የተደበቀው ገና አልሞተም።

ከዘማሪዎቻችን አንዱ በሁለተኛው ወር «በጠበሉ ድኛለሁ» ብሎ ኪኒኑን ተወ። ከወራት በኋላ ደም የተቀላቀለበት አክታ እየተፋ ተመለሰ። ወንድማችን እምነት አልጎደለውም፤ የተደበቀው ጀርም ግን ኪኒኑ ሲቀርበት አንሠራራ። እንዲህ ማቋረጥ ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርገው ይችላል፤ በሳልም በአየር ስለሚተላለፍ አብረውት የሚያድሩት ታናናሾቹ ጭምር ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ቤተ ክርስቲያን ጠበልንና መድኃኒትን አላጣላችም። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለመድኃኒት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል (ይህንን ጠቅሰው ወደ ጠጅ ቤት የሚሮጡ አሉ፤ ምክሩ ግን ለሕመምተኛ ነበር!)። በጾም ወራት የኪኒኑ ሰዓት የሚጋጭበት ሰው ቢኖር ዝም ብሎ አያቋርጥ፤ ለንስሐ አባቱና ለሐኪሙ ይንገር።

ጤነኞቹም ብንሆን ዘበኛው ምግብና እንቅልፍ ይፈልጋል። በፈተና ሰሞን ጫት እየቃሙ ሌሊቱን የሚያነጉ ተማሪዎች በማግስቱ ጉንፋን ሲጥላቸው «ቡዳ በላኝ» ማለታቸው ያስቃል።

ወንድማችን አሁን ሕክምናውን ከመጀመሪያው ጀምሯል። እሱን ለመጠየቅ ተራ ስለ ወጣ ስማችሁን ከጸሐፊዋ ዘንድ ተመልከቱ። ስትሄዱ መስኮቱ ይከፈት። ጠበልም ውሰዱለት፤ ኪኒኑን በእርሱ ይዋጥበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።