«የአባቴ ስንዴ ጂኤምኦ ነው ወይ?»

 

የዛሬውን ጽሑፍ ያስጀመረኝ አንድ መልእክት ነው። ላኪው ደሴ የሚማር ልጅ ነው፤ አባቱ ወረኢሉ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ለሰኔ የሚዘራ የስንዴ ምርጥ ዘር ገዝተው ቤት ካስገቡ በኋላ፣ አንድ ሰው በስልኩ የደረሰውን የድምፅ መልእክት አሰማቸው፦ ይህ ጂኤምኦ ነው፣ የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው፣ የአሳማ ዘር አለበት፣ የበላው ይመክናል የሚል። እሳቸውም ከረጢቱን ሳይፈቱ ጥግ አስቀመጡት። የልጁ ጥያቄ አጭር ነው፦ «ምን ልበላቸው? ዝናቡ እየመጣ ነው።»

ቀላሉን ላስቀድም። ስንዴው ጂኤምኦ አይደለም። እኛ ጋ የሚሸጠው የስንዴ ምርጥ ዘር የተገኘው ስንዴን ከስንዴ አዳቅሎ፣ ደህና ደህናውን ደጋግሞ በመምረጥ ነው። አያቶቻችን አውድማ ላይ ትልልቁን ዛላ ለዘር ሲለዩ ከሚሠሩት ብዙም የራቀ አይደለም። ጂኤምኦ፣ በሕጋችን ቋንቋ «ልውጥ ሕያው»፣ ሌላ ነገር ነው። በቤተ ሙከራ ዘረ መል፣ ብዙውን ጊዜም ከሌላ ፍጡር የተወሰደ፣ የገባበት ነው። በአገራችን ለእርሻ መጀመሪያ የተፈቀደው በ2010 ዓ.ም ሲሆን እሱም ጥጥ ነው። በቆሎ ደግሞ በመልካሳ ምርምር ማዕከል በተከለለ ማሳ ላይ ተሞክሯል። በጥጡም በበቆሎውም የገባው ዘረ መል የመጣው አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። አሳማ የለበትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ፍቀዱልኝ። ያንን ድምፅ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ያስተላለፈው ሰው ምናልባት ማሳ የለውም። ዘሩ ሳይዘራ ሰኔ ቢያልፍ ዓመቱን ሙሉ የሚጎድለው የእሱ ጎተራ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ የሚለን፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ብዙዎቻችን ይህን አንቀጽ በሐሜት ጉዳይ ብቻ እናስታውሰዋለን፤ በዘር ከረጢትም ላይ ይሠራል።

ግን ልጁን «ጂኤምኦ አይደለም፣ ይዝሩት» ብዬ ብሸኘው ጥያቄውን ግማሽ መንገድ ላይ ትቼዋለሁ። ነገ እውነተኛው ቢመጣስ? ከወረኢሉ ወደ መካነ ሰላም አልፋችሁ ወደ አባይ ስትወርዱ በቆሎና ማሽላ የሚዘራ ቆላ አለ። እዚያ ያለ ወንድማችን ልውጥ የበቆሎ ዘር ቢቀርብለት ምን እንለዋለን?

«ፍጥረትን መለወጥ» የሚለው ክርክር የሚነሳው ከሱረቱ አን-ኒሳእ ነው፤ ሸይጧን ሰዎችን የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ እንደሚያዝ ከሚናገረው አንቀጽ 119። አንቀጹ ላይ አብሮ የተጠቀሰው የከብቶችን ጆሮ መቁረጥ ነው፤ ለጣዖት ተብሎ ይደረግ የነበረ። ተፍሲሩን ለዐሊሞቻችን እተወዋለሁ። በጎኑ ግን በሶሒሕ ሙስሊም ያለውን የቴምር ታሪክ አስቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የወንዱን ቴምር አበባ በሴቷ ላይ ሲያደርጉ አዩ። ይጠቅማል ብለው እንደማያስቡ ተናገሩ፤ ሰዎቹም ተዉት፤ ምርቱ ቀነሰ። በዚያን ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን የዱንያ ጉዳይ እነሱ ይበልጥ እንደሚያውቁት ነገሯቸው። እርሻ እውቀት ነው፤ እውቀቱም ለሚሠሩበት ተትቷል። የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 መካ ላይ ተሰብስቦ የዘረ መል ምሕንድስናን በእርሻና በከብት እርባታ መጠቀምን ፈቅዷል። ቅድመ ሁኔታው፣ ዘግይቶ የሚመጣውን ጭምር፣ በሰው፣ በእንስሳና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ጥንቃቄ መደረጉ ነው። አምራቾችም የምግቡን ይዘት ለሰው እንዲገልጹ ጠይቋል።

ስለዚህ እኔ የሚከብደኝ ዘረ መሉ አይደለም። የሚከብደኝ ከዘሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው።

መጀመሪያ ግን ጥቅሙን በቅንነት እንየው። አገዳ ቆርቁር የበቆሎውን ግንድ ከውስጥ ሲቦረቡረው ገበሬው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች ገባብን። ያኔ ጓንትና ጭምብል የሌለው ሰው መርዝ በጀርባው ተሸክሞ ሲረጭ ያላየ የለም። ልውጡ በቆሎ ትሉ ሲበላው አንጀቱን የሚጎዳ ፕሮቲን በራሱ ያመርታል፤ ያ ፕሮቲን በሰው ሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት፣ እስካሁን ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ሰብሎች ከሌሎቹ ይልቅ ጤናን እንደሚጎዱ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኙም። ይመክናል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይውደቅ።

አሁን ሁለት ሙስሊም የሚበዛባቸውን አገሮች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ትልን የሚቋቋም ጥጥ በሰፊው ዘራች። ትሉን በርግጥ ተከላከለ። ነገር ግን የጥጡ ጭረት አጠረ፣ በዓለም ገበያ የነበራት ስም ተጎዳ፣ በ2016 ተወችው። ቴክኖሎጂው የውጭ ኩባንያ ነበር። ባንግላዴሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ትልን የሚቋቋም ደበርጃን ፈቀደች። ዘሩን ያዘጋጀው የመንግሥት የምርምር ተቋም ነው፤ ገበሬው ከራሱ ምርት ለከርሞ ዘር ማስቀረት ይችላል፤ የመርዝ ርጭቱም ቀነሰ። ሳይንሱ ተመሳሳይ ነው፤ ዘሩን ማን እንደያዘው ግን ይለያል።

እኛስ? መልካሳ የተሞከረው በቆሎ ዲቃላ ነው። የባለቤትነት ክፍያ ባይጠየቅበትም ዲቃላ ስለሆነ ገበሬው በየዓመቱ ዘር መግዛት አለበት። ይህ ከልውጥነቱ ጋር አይገናኝም፤ ዛሬ የምንዘራቸው የበቆሎ ዲቃላዎችም እንዲሁ ናቸው። ዋጋው በጨመረበት ወይም መንገዱ በተዘጋበት ዓመት ግን (እኛ አካባቢ መንገድ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ) ጎተራው ውስጥ ዘር የሌለው ሰው ምን ይዘራል? ሌላም አለ። የበቆሎ ዱቄተ አበባ በነፋስ ይሄዳል፤ የአንዱ ምርጫ ሳይጠየቅ የጎረቤቱ ማሳ ይገባል። ጎረቤትን አለመጉዳት ደግሞ በዲናችን ትንሽ ነገር አይደለም።

ማሽላ ላይ ሲደርስ ጉዳዩ ይብሳል። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ ማሽላ ግን አገሩ እዚህ ነው፤ የዱር ዘመዶቹ ከማሳው ዳር ይበቅላሉ፤ ከእነሱም ጋር ይዳቀላል። አንዴ የወጣውን መመለስ አይቻልም። እኔ ብጠየቅ በበቆሎው ላይ በሩን አልዘጋም፤ በማሽላና በጤፍ ላይ ግን ብዙ፣ በጣም ብዙ እጠብቃለሁ።

ይህን ጥንቃቄ ያስተማሩን የራሳችን ሰዎች ናቸው። ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር እ.ኤ.አ. በ2000 ለጸደቀው የካርታሄና ፕሮቶኮል የአፍሪካን ወገን እየመሩ ተከራክረዋል፤ አንድ አገር ልውጥ ሕያው ወደ ድንበሩ ከመግባቱ በፊት እንዲነገረውና እምቢ ማለት እንዲችል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በጣም ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም ምርምሩ እንዲቀጥል ተሻሽሎ ላላ። ዶ/ር መላኩ ወረደ ደግሞ በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን እስከ መብላት ሲደርስ፣ የአገር ዘር ጨርሶ እንዳይጠፋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይሰበስቡ ነበር። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቫይረስ በሽታ ያዳነው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ መርጦ ያቆየው ገበሬ በስም አይታወቅም። በጤፍ ዱቄት ላይ ግን የአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ስም ተጽፎ ነበር፤ ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሽረው ድረስ።

የወሎ ልጅ ሆኖ ስለ ረሃብ ዝም ብሎ የሚያወራ የለም። ለዚህም ነው «እምቢ» ማለት ብቻውን ተቅዋ የማይመስለኝ። ጠግቦ የሚያድር ሰው እምቢ ሲል ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው፤ ሳይጠይቅ እሺ የሚል ሹምም እንዲሁ። መጠየቅ ያለበት፣ ሙከራው ምን አሳየ፣ ዘሩ ከርሞ በማን እጅ ነው፣ የጎረቤቱ ማሳ ምን ይሆናል የሚለው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች አንብባችሁ ለአባቶቻችሁ ማስረዳት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ለልጁ ከረጢቱ ላይ የተሰፋውን ወረቀት ለአባቱ እንዲያነብላቸው፣ የቀበሌውንም የልማት ሠራተኛ አብረው እንዲጠይቁ ነገርኩት። ማክሰኞ ማታ መለሰልኝ። አባቱ ስንዴውን ሊዘሩት ነው። እናቱ ግን ከሰነፍ ቆሎ ገብሱ ሁለት ቁና ለይተው፣ አመድ ነስንሰውበት ጎታው ሥር አስቀምጠዋል። «ይህን ማንም አይነካብኝም» ብለዋል አሉ።

ወላሁ አዕለም።