ስለ ወሰንና ስለ በጎነት

ፍጡር የሆነ ነገር በአንድ ጊዜ ለሁሉ በጎ ሊሆን ይቻለዋልን? ይህን ጥያቄ እኔ በአዲስ አበባ አያት ሰፈር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቀውና አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል በሚሳሳበት ደጋ፣ በኢንጄክሽን ሞተር ማኒፎልድ፣ ማለትም አየርን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቧንቧ ላይ እመረምረዋለሁ። ቧንቧው ረጅምና ቀጭን ሲሆን፣ የሚሮጠው አየር በግስጋሴውና በግፊቱ ሞገድ ቫልቩ ከመዘጋቱ አስቀድሞ ሲሊንደሩን ስለሚሞላው፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ ጉልበት ያገኛል፤ አጭርና ሰፊ ሲሆን ግን ኃይሉ የሚገለጠው በፈጣን ዙር ነው። ስለዚህ ለእሽቅድምድም የተሠራውን አጭር ማኒፎልድ የእንጦጦን አቀበት ዕለት ዕለት ለሚወጣ መኪና መግጠም፣ በእኔ ፍርድ፣ ከንቱ ድካም ነው፤ የሳሳው አየር አስቀድሞ የነሣውን ጉልበት ዳግመኛ መንሣት ነውና። ወሰን የሌለው በጎነት የፈጣሪ ባሕርይ ብቻ እንደ ሆነ፣ የፍጡርም ወሰን ነውሩ ሳይሆን መልኩ እንደ ሆነ አምናለሁ። በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1991) በፈረንሳይ የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ድል የነሣው ማዝዳ 787ቢ፣ በሩጫው መካከል የሚረዝምና የሚያጥር የአየር ቧንቧ ስለ ነበረው፣ ይህን አሳቤን የሚያፈርስ ይመስል ይሆናል፤ ጥበቡም በእውነት ድንቅ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን በአንዲት ቅጽበት የሚይዘው አንድ ርዝመት ብቻ ነበር።