የሰኔ ሽቶ

ሽቶ የሚሸጡ ሰዎች አንድ የታወቀ ሕግ አላቸው። በሙቀት ወራት ቀለል ያለውን፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ የሚሸተውን ተቀባ፤ በብርድ ወራት ደግሞ ከበድ ያለውን፣ ሰንደልና ቫኒላ የበዛበትን ይላሉ። ሕጉ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሎሚ መዓዛ ከቆዳ ላይ በቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ሰንደልን የመሰለው ግን ቀስ እያለ ስለሚተን ውሎ ሊያድር ይችላል። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናቸዋል። ስለዚህ ከባዱ ሽቶ በጠራራ ፀሐይ ባንዴ ገንፍሎ ያፍናል፤ ቀላሉ ደግሞ በብርድ ተቀባ አልተቀባ ሳይባልለት ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ፊዚክስ ነው፤ የሚያጣላን ነገር የለም።

የሚያጣላው ሕጉ ወደኛ አገር ሲገባ ነው። ባለፈው ዓመት አክስቴ ከጅዳ አንድ ብልቃጥ ላከችልኝ። ዑድ ያለበት ነው፤ ክዳኑ ሳይከፈት ገና ከሻንጣ ውስጥ ያውዳል። ካርቶኑ ላይ የዊንተር ሽቶ ነው ተብሎ ተጽፏል። ለመሆኑ ዊንተር ለኛ መቼ ነው? የእንግሊዝኛው ሰመር በወር ብትቆጥረው የኛ ክረምት ነው፤ በፀሐዩ ብትቆጥረው ደግሞ የኛ በጋ። ዊንተርም ያው ነው፤ በወር ቢሉ ታኅሣሥ፣ በጠባይ ቢሉ ሐምሌ። አዲስ አበባማ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ፣ በታኅሣሥ አንድ ቀን ውስጥ ብቻ ንጋት ላይ ጋቢ ታስደርባለች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሹራብ ታስወልቃለች። የኛ ወቅት በዋናነት የሚለየው በዝናቡና በድርቁ ነው። ይኼን ሁሉ ግን ያኔ አላሰብኩትም። ሰኔ ገባ፣ በረደ፣ ብልቃጡን ከፈትኩ።

ክፍላችን ውስጥ አራት ሆነን ነው የምንኖረው። በበጋ መስኮቱ ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ያኔ በርሜል ሙሉ ሽቶ ብትደፋ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። በሰኔ ግን ዝናቡ በአግድሞሽ ስለሚገባ መስኮት ይዘጋል። አራት ሰው፣ አራት እርጥብ ጃኬት፣ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ሰንብቶ ያልደረቀ ካልሲ፣ ተዘግቶ የዋለ አንድ አየር። በዚህ ላይ የኔ ዑድ ተጨመረ። በብርድ ከባዱን ተቀባ የሚለው ሰው፣ ካፖርቱን ደራርቦ በደረቅ ብርድ ጎዳና ለጎዳና የሚሄደውን መንገደኛ አስቦ ይሆናል። ሰው እላይ በላይ ተጨናንቆ የሚከርምበትን ብርድ ግን አላሰበውም።

በሁለተኛው ሳምንት ላይ አንደኛው ልጅ ደብተሩን ይዞ ኮሪደር ላይ ማጥናት ጀመረ። ፈተና ደርሷል፤ ኮሪደሩ ላይ የምትበራው አምፖል አንዲት ናት፤ ወንበር የለም። ጸጥታ ፈልጎ ነው የመሰለኝ። ሦስተኛው ጓደኛችን ነው የነገረኝ። «ባክህ ያ ልጅ እኮ ደረቱን ያፍነዋል። ያንተ ነገር ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። ገላው የኔ፣ ብልቃጡ የኔ፣ አክስቲቱም የኔ! ደግሞስ ያን ያህል መቼ ይሸታል? እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አፍንጫ የሚከዳን። አፍንጫ ካንድ ሽታ ጋር ጥቂት ከቆየ ይለምደውና ሽታውን መለየት ይተዋል። ሽቶ የተቀባ ሰው ስለ ሽቶው የመጨረሻው ምስክር ነው፤ ጠፍቷል ብሎ ይደግማል፣ ይሠልሳል። በሌላው ምግባር ሁሉ ራስህን መርምር እንባላለን። በዚህ ግን ራስን መመርመር ምንም አያዋጣም፤ መጠየቅ ያለበት ሌላው ሰው ነው። ሌላው ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይዞት አይናገርም። ደብተሩን ይዞ ኮሪደር ይወጣል።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ውበት ፍርድ ባሳተመው መጽሐፉ ሙዚቃን ሲወቅስ፣ ሽቶ የነካውን መሐረብ ከኪሱ መዥረጥ ከሚያደርግ ሰው ጋር ያነጻጽረዋል። ሰውየው በዙሪያው ያለውን ሁሉ ሳይወድ በግድ ያሸትተዋል። ማየት ያልፈለገ ፊቱን ያዞራል፤ መተንፈስ ያልፈለገ ግን ወዴት ይዞራል? (የኮኒግስበርግ ብርድ ቀላል አይደለምና፣ ካንት መስኮት በተዘጋበት ክፍል ሽቶ ካበዛ ሰው ጋር ብዙ ሳይቀመጥ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።) በዚህ ሚዛን ከሆነ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ መዝገቡ ተዘጋ።

ነገር ግን አልተዘጋም። ከላይ በረደና ብልቃጡን ከፈትኩ ያልኩት የእውነቱ ግማሽ ነው። ያለኝ ሱሪ ሁለት ነው። በበጋ ጧት ያጠብኩት ማታ ይደርቃል፤ በሰኔ ግን ፀሐይ የለችም፤ እንደረጠበ እለብሰዋለሁ። ሳይደርቅ የሰነበተ ልብስ ጠረኑ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ትምህርት ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ ቦታ ቀየረች። ብላክቦርዱ አልታይ ብሏት ይሆናል ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። የዚያን ዕለት ማታ ነው ብልቃጡ የተከፈተው።

ዜኖፎን ስለ አንድ ግብዣ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ጋባዡ ለእንግዶቹ ሽቶ ላስመጣ ሲል ሶቅራጥስ አይሆንም ይላል። ባሪያውም ነፃውም ሽቶ ከተቀባ ወዲያው ጠረናቸው አንድ ይሆናል፤ የነፃ ሰው ጠረን ግን በረጅም ጊዜና በመልካም ልምምድ የሚገኝ ነው፤ ክርክሩ ይኼ ነው። ሶቅራጥስን እወደዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልከተለውም። እሱ የሽቶ ነውር ያለው ለኔ የሽቶ ትልቁ ደግነት ነው። ልብሱ ተተኩሶ የሚቀርብለት ልጅና እኔ ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ አፍንጫ እንዳይለየን ብሻ ምን ወንጀል አለበት? ሰው ድህነቱን ለጎረቤቱ ሁሉ የማሸተት ግዴታ አለበት እንዴ? «ተፈጥሮህን አትደብቅ» እያሉ የሚመክሩኝን ሰዎች አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ደረቅ ልብስ የለበሱ ናቸው።

ታዲያ ባንድ ወገን የኔ ኀፍረት፣ በሌላው ወገን የዚያ ልጅ ትንፋሽ ቆመዋል። ሁለቱም በሰኔ ይብሳሉ፤ ሁለቱም የሚብሱት ባንዱ ዝናብ ነው።

አንዳንዶች ወደ አገር ቤት ወግ እንመለስ ይሉ ይሆናል። በክረምት እጣን ይጨሳል፣ ዕቃው በወይራ ይታጠናል፣ መስከረም ሲጠባ ቀጤማ ይጎዘጎዛል። መዓዛው የቤቱ ነው፤ የገባ ሁሉ ይካፈለዋል። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ የቤቲቱ እመቤት ማጨሻውን ካስቀመጡ በኋላ የእንግዳውን ፊት ያያሉ። ካስነጠሰ፣ ዓይኑ ካለቀሰ፣ ማጨሻውን አንሥተው ወደ በሩ ያርቁታል። እኔ ብልቃጤን ስከፍት የማንንም ፊት አላየሁም። ቢሆንም ወጉን አላጋንነውም፤ ደረቱን የሚያፍነው ልጅ የእጣን ጭስም አይምረውም፤ እጣን ነውና ውጡ የሚባል እንግዳ ደግሞ እስካሁን አላየሁም፤ እየሳለ ይቀመጣል።

በመጨረሻ አንድ ማታ ኮሪደር ወጥቼ አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ ልንገርህ? ሽቶህን ተው ብልህ ልብስህ ይሸታል ያልኩህ ሊመስልህ ነው።» ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና ቀጠለ፤ «የልብስህን ጠረን እኮ እችለዋለሁ። የኔም ያው ነው። ያልቻልኩት ሽቶውን ነው።»

ወደ ክፍል ተመለሰ። ብልቃጡን ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አልከፍተውም። ጧት ከሕንፃው ስወጣ ደረጃው ሥር ቆሜ አንዲት ጠብታ ጃኬቴ ላይ አሳርፋለሁ፤ ያውም እሱ ቀድሞኝ ከሄደ በኋላ። ነገሩ በዚህ አለቀ ማለቴ ግን አይደለም። ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ወደ ሰማንያ እንሆናለን፤ የዚያም መስኮት በሰኔ ይዘጋል። ከሰማንያው ውስጥ ደረቱን የሚያፍነው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሦስተኛ ጓደኛ የለኝም። ትናንት ከኋላዬ አንድ ልጅ ደጋግሞ ሳለ። ጉንፋን ይሁን በኔ ምክንያት አላወቅሁም። ዞር ብዬ ልጠይቀው ስል መምህሩ ገቡ።