አንበሪ ከአዳም በፊት ተባረከ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዓሣ አንበሪን የምናውቀው በጾመ ነነዌ፣ ዮናስን በመዋጡ ነው። ዛሬ ግን በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ያለችውን የጥንት ዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ሔርማነስን እናስብ። አሮጌው ወደቧ ሙዚየም ሆኗል። ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ ሰው ሁሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ባሕር ባሕሩን ያያል።

የሚጠበቀው በእንግሊዝኛ «ራይት» የሚሉት አንበሪ ነው። ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣስ አይደለም፤ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ወልዶም ያጠባል። ርዝመቱ 15 ሜትር ይደርሳል። እናቲቱ ከቀዝቃዛው የደቡብ ባሕር መጥታ ጸጥ ባለው ባሕረ ሰላጤ ትወልዳለች፤ ለጠረፉ በጣም ስለምትቀርብ ያለ ጀልባ ትታያለች። እንዲያውም በ1992 እ.ኤ.አ. ከተማዋ የአንበሪ አዋጅ ነጋሪ ሾማለች! ከባሕር ተክል የተሠራ መለከት እየነፋ እንስሳቱ የት እንዳሉ ለሰው ያስታውቃል።

ስሙ ግን ያሳዝናል። «ራይት» ማለት ትክክለኛው ማለት ነው። ለምን ትክክለኛው ቢሉ፣ ለመግደል። ዝግ ብሎ ይዋኛል፤ ከስቡ ብዛት የተነሣም ሲሞት አይሰጥምም። አዳኞች ለመብራት ዘይት ሲሉ ግልገል ይዘው የገቡትን እናቶች ፈጁአቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተከለከለም በኋላ፣ እስከ 1971 ድረስ የሶቭየት መርከቦች በስውር ከ3,000 በላይ ገድለዋል።

ከመካከላችን አንዱ፣ «እግዚአብሔር አዳምን በባሕር ዓሦች ላይ ሹሞት የለምን? ታዲያ አዳኞቹ ምን አጠፉ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የዋዛ አይደለምና በችኰላ አንለፈው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ስንመረምር ታላላቆቹ አንበሪዎች የተፈጠሩት በዕለተ ሐሙስ ነው። በመጽሐፍ የምናገኘው የመጀመሪያው ቡራኬ፣ ያውም የመብዛት ቡራኬ፣ የተሰጠው ለባሕር ፍጥረታትና ለወፎች ነው። አዳም የተሾመው በማግሥቱ ነው። ሹም ደግሞ ጌታው ትናንት የባረከውን ለመሻር ሥልጣን የለውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22ም እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ መውሰድ ተከልክሏል። ለወፍ የራራ ሕግ ግልገሏን በምታጠባ አንበሪ ላይ ይጨክናል እንላለንን?

ዛሬ በዚያ አገር ፈቃድ የሌለው ጀልባ ከ300 ሜትር አልፎ ወደ አንበሪ መቅረብ አይችልም። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እናቶቹ ከስተው እንደሚመጡ፣ በየሦስት ዓመቱ ይወልዱ የነበሩትም እየዘገዩ መሆናቸውን ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ምክንያቱን በደቡብ ባሕር ከሚያገኙት ምግብ መለወጥ ጋር ያያይዙታል። ባሕሩም እየሞቀ ነው። ይህን የአዳም ልጆች ጉዳይ አይደለም ለማለት እኛ አንደፍርም።