«ለእግዚአብሔር ስጪው» የማለት መብት የማን ነው?

ሰው ክፉ ሲያገኘው ስናይ አፋችን ላይ ቶሎ የምትመጣ አንዲት ቃል አለች፤ «ለእግዚአብሔር ስጪው»። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ይህንኑ በራሱ አነጋገር ይላታል። ለመሆኑ ይህች ቃል ቁስል ታሽራለች ወይስ አፍ ትዘጋለች? ጥያቄውን እንዳነሣ ያስገደደችኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ የምትኖረው ከደሴ ራቅ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ በገባ ጊዜ አንድ ልጇ ከቤት እንደ ወጣ ቀረ። መሞቱን አብረውት የነበሩ ተናገሩ፤ ሬሳው ግን አልተገኘም። መንገድ ሲከፈት ልጠይቃት ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ እንደሚከዳት ትነግረኝ ጀመር። እኔም አዋቂ መስዬ፣ «ተመስገን በይ፣ አንቺ እንኳ ተርፈሻል፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ስጪው» አልኳት። «እሺ» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ልጇ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ያን ጊዜ ያጽናናኋት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን መስማቱ ስለከበደኝ ዝም አሰኘኋት እንጂ አላጽናናኋትም።

ከወራት በኋላ የነፍስ አባቷ ያደረጉትን ሰማሁ። ሽማግሌው ቄስ ቤቷ መጥተው ተቀመጡ፤ አልሰበኩም። ብዙ ቆይተው የልጁን የክርስትና ስም ጠየቋት። በዚያ ስም ፍትሐት ተደረገ፤ እድርተኛው ድንኳን ጣለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት መጥቶ አብሯት አለቀሰ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ነበር፤ ቢሆንም የልጁ ሞት በሰው ፊት ተነገረ። «መሞቱን ያመንኩት ያን ዕለት ነው» ብላኛለች።

መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ሰው ይህን ይረዳዋል። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ መልካም ሠርተው ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ለመከራው ምክንያት ሲያበጁለት ነው። በመጨረሻም አምላክ የተቆጣው በምሬት በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነዚያ ምክንያት አዋቂዎች ላይ ነው። እንግዲህ እምነት ለቅሶን አይከለክልም ማለት ነው፤ የሚከለክለው የእኛ ችኮላ ነው።

«የአእምሮ ቁስል የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ቄሱንና ሼኩን ምን አገባቸው?» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ሐኪሙ የት አለ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት፣ ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል የአእምሮ ሕመም አለበት። እኛ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የነበረን የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። አክስቴ ግን በእግሯ ሄዳ የምትደርስበት ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ነው።

ቅርብ መሆን ግን ኃላፊነት ያመጣል። ሌላ በር የሌለውን ሰው ተቀብሎ መድኃኒትህን ጣል ማለት፣ ወይም ጭንቀትሽ ከእምነት ማነስ የመጣ ነው ማለት፣ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ይህ የሃይማኖቱም ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር ያዛል፤ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። የአክስቴ ነፍስ አባትም ለቅሶው ካለፈ በኋላ የልቧ ምት አልረጋ ሲል፣ «ጠበሉንም ጠጪ፣ ጤና ጣቢያም ሂጂ» ብለው ሰደዷት። መንግሥትም ቢሆን «ሕዝቡ ጸሎት አለው» ብሎ ሐኪም ከመላክ ሊያርፍ አይገባም። ጸሎት የበጀት ማካካሻ አይደለም።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። «ለእግዚአብሔር ሰጠሁት» የምትለው ቃል ከባለ ቁስሏ አፍ ስትወጣ እምነት ናት፤ ማንም ሊነጥቃት አይገባም። ቁስሉን ሳይሰማ ከሚያልፍ ሰው አፍ ስትወጣ ግን ማምለጫ ናት። መብቱ ያላት የከፈለችው ብቻ ናት፤ የእኛ ድርሻ አብሮ መቀመጥ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴን ዳግመኛ ጠየቅኋት። ቡናውን እያፈላች፣ ሳልጠይቃት፣ «እኔማ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ። አሁን የምጨምርላት ምክር አልነበረኝም። «እስቲ ስለ እሱ አጫውችኝ» አልኳት። ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ አወራችኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማኋት።