ያልተፈወሰው በቀቀን

መነሻ ንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 9፤ ሉቃስ 12፥6-7

አያት ባለው ቤታችን አጥር ጥግ አንድ አሮጌ ጽድ አለ። ፍሬው ሲበስል ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች እየተንጫጩ ይወርዱበታል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ ቦታዎች በቀር በተፈጥሮ የትም አይገኙም። ርዝመታቸው 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የክንፋቸው ውስጥ ጥቁር ሲሆን ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይለያል።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የሰፈር ልጆች በወንጭፍ የተመታ አንድ ወንድ በቀቀን በካርቶን ይዘው መጡ። ግራ ክንፉ ተሰብሯል፤ የአንድ እግሩ ጣቶች ተጨፍልቀዋል። የእንስሳት ሐኪሙ ክንፉን አስሮ ከሳምንታት በኋላ ሲፈታው፣ "ይኖራል፤ ግን ከእንግዲህ አይበርም" አለን።

እናቴ ካርቶኑን አየት አድርጋ፣ "ልጄ፣ ወፍ ወፍ የሚባለው ሲበር አይደል? ይሄ ምን ሊሆንልህ ነው?" አለችኝ። ጎረቤታችን ደግሞ፣ "ሰው የሚበላው ባጣበት ከተማ ወፍ ትቀልባለህ?" አሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከእነሱ የተወለደ ነው፦ ሊጠቅመን የማይችል፣ ምናልባትም የማይፈወስ ፍጡር ከእኛ ምን ይገባዋል?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ጤነኛ የዱር ወፍ ይዞ ጎጆ ውስጥ መዝጋት ማሳደግ አይባልም፤ ምርኮ ነው። የዱር እንስሳት በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ጥበቃ የተደረገላቸው የአገር ሀብት ናቸው። ሆለታ አጠገብ ያለው የቦርን ፍሪ "እንስሳ ኮቴ" ማዕከልም ሥራው ይህንኑ ያስተምራል፦ ወደ ዱር መመለስ የሚችለው ይመለሳል፣ የማይችለው ግን ዕድሜ ልኩን እዚያው እንክብካቤ ያገኛል። ስለዚህ "ምን ይጠቅማል?" ከማለት በፊት "መመለስ ይችላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የእኛው አልቻለም። የሕፃናት ክፍል ልጆች "ሜምፊቦስቴ" ብለው ስም አወጡለት። ሁለት ወር ሙሉ እንዲበር ጸለዩለት፤ አልበረረም። እኛ ደግሞ የምንችለውን መማር ጀመርን። በቀቀን ሲወጣ መንቁሩን እንደ ሦስተኛ እግር ይጠቀማል። ስለዚህ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ቅርንጫፎች እንደ መሰላል አሰርንለት፤ የታመመው እግሩ እንዳይቆስል አንዳንዶቹን በጨርቅ ጠቀለልናቸው። እህሉንና ውኃውን ዝቅ አደረግን፤ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ከሥር ወፍራም ጨርቅ አነጠፍን። የወፍ ሳንባ ጭስ ስለማይችል እናቴ ቡናዋን በረንዳ ላይ ማፍላት ጀመረች። አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ እንደሆነም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ማታ ከታች እስከ ላይኛው ቅርንጫፍ በመንቁሩ እየተሳበ ሲወጣ እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ። እሱ እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው ቤታችን ነው።

እውነተኛው ሜምፊቦስቴም ታሪኩ ይኸው ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀ፤ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዳዊት ስለ ዮናታን ብሎ ከሎዶባር አስመጣው፤ የአያቱንም ርስት መለሰለት። ምዕራፉ ሲያልቅ ሜምፊቦስቴ ከንጉሥ ማዕድ ዘወትር ይበላል፤ በዚያው ቁጥር ላይ ሁለት እግሮቹ ሽባ እንደነበሩም ይነገረናል። እግሮቹ አልዳኑም፤ ማዕዱ ግን ቦታ ነበረው።

ጌታችንም ስለ ድንቢጦች ሲናገር ይህን ያሳየናል። በማቴዎስ ወንጌል ሁለት ድንቢጦች በአንዲት ትንሽ ሳንቲም ይሸጣሉ፤ በሉቃስ ግን በሁለት ሳንቲም አምስት ናቸው። ገበያ የወጣ ሰው ሂሳቡ ይገባዋል፤ አምስተኛዋ ምርቃት ናት፣ ዋጋ አልተከፈለባትም። እግዚአብሔር ግን እሷንም አይረሳም።

እስከዚህ ድረስ ራሴን በጣም ደግ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን በክራንች የሚሄድ የወጣቶች ኅብረታችን ወንድም ወፉን ሊያይ ቤታችን መጣ። መሰላሉን አይቶ ሳቀና፣ "ለእሱ መወጣጫ ሠራችሁለት? የእኛ አዳራሽ እኮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው" አለኝ። የተናገረው በቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም።

በየኮንፈረንሱ እጃችንን ጭነን ጸልየንለታል። ኢየሱስ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ መጸለያችንንም አላቆምም። ነገር ግን አንዳችንም ደረጃውን ቆጥረነው አናውቅም። በማግስቱ ቆጠርኩት፤ 24 ነው። ስንጸልይለትና ሳይፈወስ ሲቀር አንዳንዶቻችን እምነቱን መጠራጠር ቀሎናል፤ አዳራሹን ለመቀየር ግን አላሰብንም።

ሰውን ከወፍ ጋር እያስተካከልኩ አይደለም። ጌታ ራሱ ከድንቢጥ ተነሥቶ ወደ ሰው ነው የሄደው፤ ለእሷ ይህን ያህል ከሆነ ለእናንተማ እንዴት! እኔ ግን ድንቢጧ ጋ ቆሜ ቀርቼ ነበር። ለወፍ መራራት ይቀላል፤ ወፍ አይከራከርም፣ የፕሮግራም ሰዓት አያስለውጥም፣ ስህተቴንም አይነግረኝም። ጎረቤታችን የጠየቁኝ እዚህ ላይ ያዘኝ። አንድ እፍኝ ማሽላ የማንንም ራት አልነጠቀም፤ ግን ርኅራኄዬ ጎጆው ደጃፍ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጥያቄያቸው በእኔ ላይ ፍርድ ይሆን ነበር።

ከመስከረም ወዲህ የቅዳሜ ፕሮግራማችን ወደ ምድር ቤቱ ክፍል ወርዷል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የድምፅ መሣሪያው አይመችም፤ የሚያጉረመርሙም አሉ። ያ ወንድም ግን አሁን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ባለፈው ወር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን የመራው እሱ ነው። ሜምፊቦስቴ አሁንም አይበርም። ጠዋት ጽዱ ላይ ዘመዶቹ ሲንጫጩ ከላይኛው ቅርንጫፉ ሆኖ ይመልስላቸዋል።

ለውይይት
1. ጸልየንለት ያልተፈወሰ ሰው በኅብረታችን ውስጥ ምን ይሰማዋል? ጠይቀነውስ እናውቃለን?
2. የምንሰበሰብበት ቦታ፣ ሰዓትና አካሄድ ማንን ደጅ ያስቀራል?
3. ለእኛ ቀላል የሆነው ርኅራኄ የትኛው ነው? ከብዶን የተውነውስ?