የተጠሪ ልብስ

የጥር ወር ገብቶ ሠርግ በሠርግ ላይ በሚደራረብበት ጊዜ፤ እዚህ በሐዋሳ ከተማ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የሚሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ልብስ ይሆናል። የእገሊት ቀሚስ ከየት መጣ፤ የእገሌ ሙሉ ልብስ በስንት ተሰፋ፤ ለቅዳሜው ግብዣ ምን ይለበስ ይሆን የሚለው ጥያቄ በዶሴዎቹ መካከል ሲመላለስ ይውላል። እኛም ይህን ወሬ ብዙ ዘመን እንደ ቀላል ነገር ስናልፈው ኖረናል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የደረሰ አንድ ነገር፤ ጉዳዩ የጨርቅ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ስላስገነዘበን በዚህ መጽሔት ላይ ልናነሣው ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባልደረቦቻችን አንዱ ልጁን በዳረ ጊዜ እኛም ከዝግጅቱ ኮሚቴ አባሎች እንደ አንዱ ሆነን ተመረጥን። ግብዣው በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሚደረግ ስለ ነበረ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ለብሶ ቢገኝ ያምራል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለሴቶቹ ጥለቱ አንድ ዓይነት የሆነ የአገር ልብስ፤ ለወንዶቹም ከዚያው ጥለት የተቀነሰ አንገትጌ ያለው ሸሚዝ እንዲሆን ተወሰነ። እጃቸውን ካወጡት መካከል እኛ ነበርንበት። እንዲያውም «ሁሉም አንድ ዓይነት ከለበሰ ባለጸጋና ድኻ አይለይም» ብለን የተናገርን እኛው ነን፤ ንግግራችንም ተጨብጭቦለታል።

በሠርጉ ቀን ግን ከመዝገብ ቤት አንዲት ሴት ቀሩ። የስጦታውን መዋጮ ከሁሉ አስቀድመው የከፈሉ እርሳቸው ነበሩ። በማግሥቱ «እትዬ፤ ምነው ቀሩብን?» ብለን ብንጠይቃቸው «ወገቤን አሞኝ ነው፤ ልጄ፤ እንኳን ደስ ያላቸው» አሉን። ከብዙ ቀን በኋላ እንደ ሰማነው ወገባቸው ደኅና ነበር፤ የጎደለው የቀሚሱ ዋጋ ነው። እኚህ ሴት ለቅሶ ቤት ከማንም ቀድመው ደርሰው ከማንም በኋላ የሚነሡ፤ በሰው ደስታም ከጓዳ ገብተው ሲሠሩ የሚያድሩ ናቸው። እንዲህ ያለችውን እንግዳ በር ላይ የመለሳት ዘበኛ አልነበረም። የመለሳት የእኛ ጥለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከሐሳባችን አልጠፋም። ለግብዣ የሚለበስ ልብስ የማን ነው? የለባሹ ነውን፤ ወይስ የጠሪው?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በአለባበስ መልስ ሰጥተውበት ነበር። አንዱ ነጭ ኩታ ሳይለወጥ፤ ሳይጨመርበት፤ በባለቤቱ ላይ የደረሰውን ሁሉ ይናገር ነበር። በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። በሐዘን ቀን ያው ኩታ ተገልብጦ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ትከሻ ይወጣል፤ ሩቅ ሆኖ ያየ መንገደኛ እንኳ ሳይጠይቅ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ደግሞ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በዚያው በአንዱ ልብስ ነው። ሁለተኛ ልብስ የሌለው ሰው ደስታውንም፤ ሐዘኑንም፤ አክብሮቱንም ከመግለጽ አይከለከልም ነበር። ቋንቋው ያለው በጨርቁ ዋጋ ሳይሆን በአጣጣሉ ነበርና።

ይህን ስንል የቀድሞው ዘመን እኩልነት የሰፈነበት ነበር ማለታችን አይደለም። የሐር እጀ ጠባብና በወርቅ የተጠለፈ ካባ ከንጉሥና ከመሳፍንት በሽልማት የሚገኙ የማዕርግ ልብሶች ነበሩ፤ የቀረው ሕዝብ እናቱና ሚስቱ የፈተሉትን ጥጥ፤ ኋላም አቡጀዲ ይለብስ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ፤ ያን ያማረ ጥበብ የሚሠራው ሸማኔ ራሱ በሙያው ይናቅ የነበረ መሆኑ ነው። የጨንቻ ዶርዜዎች የሸመኑትን ለብሶ በግብዣ ላይ የተከበረ ስንት ሰው ሸማኔውን ከገበታው አርቆታል!

ሆኖም ከዚያ ዘመን አንድ ልማድ ልናስታውስ እንወዳለን፤ እርሱም መዋዋስ ነው። ታላቅ ቀን የመጣበት ድኻ ከጎረቤቱ ካባ ወይም ኩታ ይዋሳል። ይህ ማታለል ነውን? እኛ አይመስለንም። መንደሩ ሁሉ ካባው የማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ አዋሹም «የእኔ ካባ ዛሬ ሙሽራ ሆነ» ብሎ ይደሰታል። ተዋሹ ባለጠጋ ነኝ አላለም፤ ጎረቤት አለኝ አለ እንጂ። ዛሬ ግን ከሱቅ ተከራይተን፤ የኪራዩን ወረቀት በኪሳችን ደብቀን፤ የገዛነው አስመስለን እንገባለን። ልብሱ በሁለቱም ጊዜ የሰው ነው፤ የተለወጠው መደበቃችን ነው።

በኮሚቴው ላይ የተናገርነው ቃል አዲስ አለመሆኑንም የሮማን ታሪክ ስናነብ ተረዳን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 ዓመት፤ ሮማውያን ከካርታጎው ሐኒባል ጋር በሚዋጉበት በጭንቁ ጊዜ፤ ሴቶች ከግማሽ ወቄት በላይ ወርቅ እንዳይኖራቸውና ኅብረ ቀለም ያለው ልብስ እንዳይለብሱ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ጦርነቱ አልፎ፤ በ195 ዓመት ሕጉ ይሻር ተብሎ ሴቶቹ መንገዱን ሲሞሉ፤ ካቶ የተባለው ሹም ተነሥቶ ተከራከረ። ሊቪዩስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርክልን፤ ከካቶ ክርክር አንዱ ክፍል ሕጉ የድኻይቱን ሴት እፍረት ይሸፍናል የሚል ነበር፤ ወርቅ ያላደረገችው ሕግ ከልክሏት እንጂ አጥታ ነው የሚላት የለምና። ካቶ ተረታ፤ ሕጉም ተሻረ።

ይህን ባነበብን ጊዜ መጀመሪያ ደስ አለን፤ እንደ እኛ ያሰበ ታላቅ ሰው ተገኘ ብለን። ቀጥሎ ግን ልዩነቱ ታየንና አፈርን። ካቶ የደገፈው ሕግ «አትልበሱ» የሚል ነው። የእኛ ኮሚቴ ያወጣው «ግዙ» የሚል ነው። አለመልበስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መግዛት ግን ይጠይቃል። የተማሪ ቤት የደንብ ልብስ እንኳ ዓመቱን ሙሉ ስለሚለበስ ለወላጅ ያግዘዋል፤ የእኛ ቀሚስ ግን አንድ ቀን ዋለና ሣጥን ገባ። እኩል ያደረግነው መግዛት የቻሉትን ብቻ ነው፤ ያልቻሉትን ቀድሞ ካልነበሩበት የባሰ ልዩነት ውስጥ ጨመርናቸው።

የሐዋሳ ሰው ስለ ልብስ ሲያስብ ደግሞ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በከተማችን በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራው ልብስ መስፋት ነው። ከገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በባሕር ማዶ ለሚለበስ ሸሚዝ እጅጌ ሲገጥሙ ኖረዋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የጥናት ማእከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበረ ገልጾአል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ የምትልክበት ዕድል ሲቋረጥ ይህም ሥራ ተናጋ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በፍቅር ሐይቅ ስንዘዋወር፤ በአነጋገራቸው የፓርኩ ሠራተኞች መሆናቸውን የተረዳናቸው አራት ልጃገረዶች ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ተራ ይዘው አየን። አንዲቱ ቀይ ሻርፕ አድርጋ ተነሣች፤ ፈታ ለሁለተኛይቱ ሰጠች፤ ሁለተኛይቱም ለሦስተኛይቱ። አራተኛይቱ ሻርፑን ስታስተካክል ሦስቱ «ወደ ግራ፤ ወደ ግራ» እያሉ ይስቁ ነበር። የማን እንደ ሆነ ልናውቅ አልቻልንም። ያን ቀን የቀድሞውን ካባ አስታወስን።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ አንባቢ «እንግዲያስ እንደ ፈቀደን ለብሰን እንሂድ» እንዳይል እንሠጋለን። በዚያው ሠርግ ላይ አንድ ወጣት ባልደረባችን፤ ደኅና ልብስ በቤቱ ሞልቶ ሳለ፤ በስፖርት ልብስና በነጠላ ጫማ መጥቶ «ሰው በልቡ ነው» ሲል ሰምተነዋል። ይህ ትሕትና አይደለም። ጠሪው ወር ሙሉ ሲደክም ሰንብቶ፤ ተጠሪው ጫማውን መወልወል ከበደው ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ያለ ሠርግ ልብስ የተገኘው ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ ያስጨንቀን ነበር፤ ከመንገድ ተጠርቶ የመጣ ሰው ስለ ልብሱ እንዴት ይጠየቃል? ሊቃውንቱ ልብሱን ምግባር ብለው ይፈቱታል። እኛ ግን ከንባቡ ሌላ ነገር እናስተውላለን፤ ንጉሡ አስቀድሞ ጠየቀው፤ ሰውየውም የሚመልሰው አጥቶ ዝም አለ። ስፖርት ልብስ የለበሰው ባልደረባችን ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም። የመዝገብ ቤቷ ሴት ግን መልስ ነበራቸው፤ ሳንጠይቅ ወሰንን እንጂ።

በየዓመቱ ለፍቼ ጨምበላላ በጉዱማሌ የሚሰበሰበውን የሲዳማን ሕዝብ ላየ ሰው ሌላም መንገድ እንዳለ ይታየዋል። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የባህል ልብሱን አሳምሮ የመጣው አለ፤ ታጥቦ የነጣ አሮጌ ጋቢ የደረበም አለ፤ ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ቄጣላውን ይጨፍራል። የጥሪ ካርድ የለም፤ ካርድ ከሌለ ደግሞ በካርድ ላይ የሚጻፍ ቀለም የለም።

አሁን ለሚያዝያ ሌላ ሠርግ አለ፤ ኮሚቴውም ተሰብስቧል። ቀለም ይወሰን የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ እኛ ተቃወምን፤ እያንዳንዱ ካለው ልብስ የተሻለውን ለብሶ ይምጣ አልን። ክርክሩ ረዥም ነበር፤ ባለፈው ዓመት የተናገርነውን ቃል መልሰው የጠቀሱብንም አልጠፉም። በመጨረሻ በሁለት ድምፅ ብልጫ አሸነፍን።

ካርዱን ወደ መዝገብ ቤት የወሰድነው ራሳችን ነን። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው የፊቱን አነበቡ፤ ከዚያም ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ቀለሙስ ምንድን ነው?» አሉን።

«ቀለም የለውም፤ እትዬ» አልናቸው።

ጥቂት አሰቡና ካርዱን ከመሳቢያቸው ውስጥ ከቱ። ባለፈው ዓመት እጃቸውን ካወጡት መካከል እንደ ነበርን እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም።